ኖይዙ ከታች ነው የሚነሳው፦ የማይክሮዌቭ ሴሚኮንዳክተሮችን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ኖይዝ ስለመቀነስ

በፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው አስቡ። መጮህ አቅቶታል። እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም። ግን ይተነፍሳል። ደረቱ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። በደቂቃ 15 ጊዜ ከተነፈሰ በ4 ሰከንድ አንዴ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ 0.25 ኸርዝ።

ከላይ የቆመ አነስተኛ ራዳር ማይክሮዌቭ ይልክበታል። ሞገዱ ፍርስራሹን አልፎ፣ ደረቱን ነክቶ ይመለሳል። የተመለሰው ከተላከው ጋር ሚክሰር ላይ፣ ማለትም የሁለት ሞገዶችን የፍሪኩዌንሲ ልዩነት በሚያወጣው ክፍል ላይ፣ ሲገናኝ የትንፋሹ እንቅስቃሴ ተነጥሎ ይወጣል። ጊጋኸርዙ ይጠፋል። በእጃችን የምትቀረው ያቺ 0.25 ኸርዝ ናት። ትራንዚስተሮቻችንና ዳዮዶቻችን ደግሞ በኖይዝ፣ ማለትም ሲግናሉን በሚሸፍን የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ከሁሉም በላይ የሚረብሹት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። አንድ ሰው በሰከንድ 1 ሜትር እየተራመደ ወደ ራዳር ይመጣል። ራዳሩ በ10 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ የዶፕለር ለውጡ፣ ማለትም በእርምጃው የተነሳ የሚመጣው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት፣ 67 ኸርዝ ያህል ነው። በ24 ጊጋኸርዝ 160 ይሆናል። የመኪና ራዳሮች በሚሠሩበት በ77 ጊጋኸርዝ እንኳ 513 ኸርዝ ብቻ ነው። የቱንም ያህል ወደ ላይ ብንወጣ መረጃው ተመልሶ ታች ይወርዳል።

እኛ የማይክሮዌቭ ሰዎች ዓይናችን ሁሌ ወደ ላይ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ ጌይኑ (የማጉላት አቅሙ) ስንት ነው፣ ኖይዝ ፊገሩ (ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ) ስንት ነው እያልን እንጨነቃለን። ትራንዚስተሩ በ100 ኸርዝ ምን እንደሚያደርግ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ብዙ ዳታሺትም ስለዚህ አንድ መስመር አይጽፍም። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት በዚህ ነው፤ የማይክሮዌቭ ሲግናላችንን የሚያበላሸው ኖይዝ በአብዛኛው የሚወለደው ከታች ነው። መፍትሔውም ከታች ነው የሚጀምረው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1925 ጆንሰን የቫኩም ቱቦ ኖይዝ ሲለካ፣ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ባለ ቁጥር ኖይዙ ከተጠበቀው በላይ ሲያሻቅብ አየ። በዓመቱ ሾትኪ ምክንያቱን ሊያስረዳ ሞከረ። ካቶዱ ላይ ባዕድ አተሞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ በዚህም የኤሌክትሮኑ ፍሰት ብልጭ ድርግም ይላል አለ። ፍሊከር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ቱቦውን በአብዛኛው ትተነዋል። ብልጭ ድርግሙ ግን አብሮን አለ።

ስሙን ብዙዎቻችን ዋን ኦቨር ኤፍ ብለን እንጠራዋለን። ፍሪኩዌንሲው በ10 ሲቀንስ የኖይዙ ኃይል በ10 እጥፍ ይጨምራል። ይህ አንድ የሚገርም ውጤት አለው። ከ1 እስከ 10 ኸርዝ ያለው ጠቅላላ ኖይዝ፣ ከ10 እስከ 100 ኸርዝ ካለው ጋር እኩል ነው። ከ100 እስከ 1,000 ካለውም ጋር እንዲሁ። ስለዚህ ፊልተር አጥብበን እናመልጣለን ማለት ከንቱ ነው። ወደ ታች በጠበብን ቁጥር ኖይዙ እየተከተለን ይመጣል።

ከፍ ሲል ግን እየቀነሰ ሄዶ፣ የሆነ ቦታ ላይ ከተራው የሙቀት ኖይዝና ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ በማለፋቸው ከሚመጣው ሾት ኖይዝ ጋር እኩል ይሆናል። ያ ቦታ ኮርነር ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ጠጋ ብለን ውስጡን እንየው። ኤሌክትሮን በትራንዚስተሩ ውስጥ ሲጓዝ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ አይደለም። ክሪስታሉ ውስጥ ጉድለት አለ። ክሪስታሉ የሚያልቅበት ገጽ ላይ ደግሞ ተጓዳኝ ያጡ የአተም እጆች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እነዚህ ወጥመዶች ናቸው። ኤሌክትሮኑ ይያዛል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይለቀቃል። በጣም አነስተኛ በሆነ ትራንዚስተር ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ኦስሎስኮፕ ላይ ከረንቱ በሁለት ደረጃ መካከል ይዘላል። ላይ ይቆያል፣ ይወርዳል፣ ታች ይቆያል፣ ይወጣል። እያንዳንዷ ዝላይ አንድ ኤሌክትሮን ስትያዝ ወይም ስትለቀቅ ናት። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። አንዲት ኤሌክትሮን ናት እኮ!

አንድ ወጥመድ ብቻውን ዋን ኦቨር ኤፍ አይሰጥም። የራሱ የቆይታ ጊዜ ስላለው ስፔክትረሙ ላይ እንደ ትከሻ ያለ ጉብታ ይሠራል። ግን ወጥመዶቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዘገምተኛ። የብዙዎቹ ትከሻ ሲደራረብ ያ ተዳፋት መስመር ይወጣል። በ1957 ማክዎርተር ይህን በሚያምር መንገድ አስረዳው። ኤሌክትሮኑ ኦክሳይዱ ውስጥ ወዳለ ወጥመድ በተነል፣ ማለትም መከላከያውን ሰርጎ በማለፍ፣ ይገባል። ወጥመዱ ጠለቅ ባለ ቁጥር ቆይታው በኤክስፖኔንሺያል ይረዝማል። 0.23 ናኖሜትር ያህል ጠለቅ ሲል ቆይታው በ10 እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ አስሉት። 2 ናኖሜትር እንኳ በማትሞላ ሽፋን ውስጥ ከማይክሮሰከንድ እስከ ብዙ ሰከንድ ያሉ ቆይታዎች ሁሉ ተጨናንቀዋል።

ከ12 ዓመት በኋላ ኔዘርላንዳዊው ሆኸ ደግሞ ኖይዙ የገጽ ጉዳይ አይደለም፣ ከራሱ ከቁሱ ሆድ ነው የሚመጣው ብሎ ተነሳ። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። እኔ እንደ ሠራተኛ የማየው ሁለቱም የሚሰጡትን የጋራ ምክር ነው። ቻርጅ ተሸካሚዎቹ በበዙና መሣሪያው በሰፋ ቁጥር የእያንዳንዱ ብልጭታ ድርሻ ያንሳል። ሞስፌት በሚባለው ትራንዚስተር ላይ ከረንቱን የሚቆጣጠረውን የጌቱን ስፋት እጥፍ ብታደርጉ ዋን ኦቨር ኤፍ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ዋጋውን ካፓሲታንስ ይከፍላል፤ ማይክሮዌቭ ላይ ደግሞ ካፓሲታንስ ውድ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ እንዲህ ቀላል የማይሆነው።

የቁስ ምርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጋሊየም አርሴናይድ ለፍጥነት ምርጥ ነው። ኤሌክትሮን ይሮጥበታል። ግን ሲሊከን ያገኘውን ጸጋ አላገኘም። ሲሊከን ሲሞቅ ከራሱ የሚወጣ ንጹህ ኦክሳይድ አለው፤ የተንጠለጠሉትን እጆች ይሸፍንለታል። ጋሊየም አርሴናይድ እንዲህ ያለ ጥሩ ሽፋን የለውም። ገጹ በወጥመድ የተሞላ ነው። ከዚህም በላይ ሜስፌትና ሄምት በሚባሉት ትራንዚስተሮች ላይ ከረንቱ ገጹን ታክኮ ነው የሚሄደው። ኮርነር ፍሪኩዌንሲያቸው ሜጋኸርዞች፣ አንዳንዴም በአሥር የሚቆጠሩ ሜጋኸርዞች ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። ባይፖላር ትራንዚስተር ላይ ግን ከረንቱ ወደ ውስጥ፣ ከገጹ ርቆ ይወርዳል። ጥሩ የሲሊከን ጀርማኒየም ኤችቢቲ (አንድ የባይፖላር ዓይነት) ኮርነሩ ኪሎኸርዞች አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገዱን የሚያመነጨውን ክፍል፣ ልትሠሩ ስትሉ ኖይዝ ፊገሩ አነስተኛ የሆነውን ሄምት አንስታችሁ ብትሮጡ ልትጎዱ ትችላላችሁ። ለመቀበያ አምፕሊፋየር አለኝታ የሆነው ትራንዚስተር ለኦሲሌተር ጠላት ሊሆን ይችላል።

የጋሊየም አርሴናይድ ኤችቢቲም ቢሆን ተስፋ አለው። ቤዙና ኤሚተሩ (ሁለቱ የትራንዚስተሩ ክፍሎች) የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀጭን የኤሚተር ሽፋን ይተዋል፤ ሌጅ ይሉታል። ያቺ ሽፋን ቤዙን ከክፉ ገጹ ትጋርደዋለች። ሽፋኗ ስትኖር ዋን ኦቨር ኤፍ ኖይዙ በግልጽ ይወርዳል። የኤሚተሩን አሉሚኒየም ጋሊየም አርሴናይድ በኢንዲየም ጋሊየም ፎስፋይድ መተካትም ይረዳል፤ አሉሚኒየም ባለበት ቁስ ውስጥ ዲኤክስ ሴንተር የሚባሉ ጥልቅ ወጥመዶች አሉ። ሲሊከን ላይ ደግሞ በሃይድሮጅን ውስጥ ማጋል የተለመደ ነው። ሃይድሮጅኑ የተንጠለጠለውን እጅ ይይዛል፤ ወጥመዱ ይዘጋል።

የፋብሪካው ሥራ ይኸው ነው። አብዛኞቻችን ግን ትራንዚስተር ገዝተን ነው የምንሠራው፤ ውስጡን መቀየር አንችልም። የእኛ ድርሻ ይህ ኖይዝ ወደ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው።

እንዴት ይወጣል? 100 ኸርዝ ላይ ያለ ኖይዝ 10 ጊጋኸርዝ ላይ ምን አገናኘው? የሚያገናኛቸው ትራንዚስተሩ ሊኒየር አለመሆኑ ነው። ኖይዙ የባያስ ቮልቴጁን፣ ማለትም ትራንዚስተሩን ለሥራ የሚያዘጋጀውን ቋሚ ቮልቴጅ፣ በዝግታ ያወዛውዘዋል። ቮልቴጁ ሲወዛወዝ የጃንክሽኑ ካፓሲታንስ ይለዋወጣል። ካፓሲታንሱ ሲለዋወጥ የኦሲሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህ ነው ፌዝ ኖይዝ የምንለው። ሊሰን በ1966 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ይህን በአንድ ቀመር ቋጨው። ከካሪየሩ (ከዋናው ሞገድ) ርቆ፣ ርቀቱ በአሥር እጥፍ ሲጨምር መስመሩ 20 ዲቢ (ዲሲቤል) ይወርዳል። ወደ ካሪየሩ ሲጠጋ ግን 30 ዲቢ ይሆናል። ያቺ ትርፍ 10 ዲቢ የፍሊከር ፊርማ ናት። ስፔክትረም ላይ 30 ዲቢ ስታዩ ሬዞኔተሩን፣ ማለትም የኦሲሌተሩን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነውን ክፍል፣ ብቻ አትክሰሱ።

ሬዞኔተሩ ቀላል ነገር ነው እያልኩ ግን አይደለም። የጥራቱ መለኪያ የሆነው ኪው ፋክተሩ እጥፍ ሲሆን ፌዝ ኖይዙ 6 ዲቢ ይወርዳል። ትልቅ ትርፍ ነው። ግን ኪውን ማሳደግ ከተወሰነ ቦታ በኋላ ቦታም ገንዘብም ይበላል።

አንድ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በባይፖላር ትራንዚስተር አንድ ኦሲሌተር ሠራሁ። ከካሪየሩ አጠገብ ፌዝ ኖይዙ ከጠበቅሁት በጣም የከፋ ሆነ። ሬዞኔተር ቀየርኩ። ቦርዱን እንደ አዲስ አሠራሁ። ምንም ለውጥ የለም። ሳምንታት ሄዱ። አንድ ማታ የባያስ መስመሩን ሳይ ቤዙ ላይ ያለው ባይፓስ ካፓሲተር (መዋዠቅን ወደ መሬት የሚያሳልፈው) 100 ፒኮፋራድ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። ሁሌ የማደርገው ነው፤ ለማይክሮዌቭ ይበቃል። እስቲ እናስላው። በ10 ጊጋኸርዝ የዚህ ካፓሲተር ኢምፔዳንስ (ለከረንቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) በሐሳብ ደረጃ 0.16 ኦም ነው። ከመሬት ጋር የተገናኘ ያህል ነው። በ1 ኪሎኸርዝ ግን 1.6 ሜጋኦም ይሆናል። የለም ማለት ነው። ለዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቤዙ በትልልቅ የባያስ ሬዚስተሮች ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የቤዝ ከረንቱ ፍሊከር መሄጃ ስላጣ በሙሉ ጃንክሽኑ ላይ ቮልቴጅ እየሆነ ነው።

10 ማይክሮፋራድ ጨመርኩበት። በ1 ኪሎኸርዝ 16 ኦም ያህል ነው። ሌላ ምንም አልነካሁም። በካሪየሩ ግራና ቀኝ የነበረው ቀሚስ ዓይኔ እያየ ጠበበ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳምንታት ስፈልገው የነበረው ነገር ጊጋኸርዝ ውስጥ አልነበረም። ኪሎኸርዝ ውስጥ ነበር።

ኤሚተሩ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ትንሽ ሬዚስተር አስገቡና በትንሽ ካፓሲተር ብቻ ባይፓስ አድርጉት። ማይክሮዌቩ በካፓሲተሩ ያልፋል፤ ሬዚስተሩን አያየውም። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ግን ሬዚስተሩን ያየዋል። ፊድባክ ይፈጠራል፣ ኖይዙ ራሱን ይቃወማል። ቤዙ ላይ ትልቅ፣ ኤሚተሩ ላይ ትንሽ። አደራ፣ ትልቁን ካፓሲተር ከቾክ (ማይክሮዌቭን ከሚያግደው ጥቅል) ጋር ስታገናኙ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ራሱ ኦሲሌት ማድረግ ሊጀምር ይችላል። ጥቂት ኦም በተከታታይ አስገቡለት።

ፓወር ሰፕላዩንም አትርሱት። አንድ ኦሲሌተር በ1 ቮልት ለውጥ 10 ሜጋኸርዝ የሚገፋ ከሆነ 1 ማይክሮቮልት ኖይዝ 10 ኸርዝ ያወዛውዘዋል። ጥሩ ያልሆነ ሬጉሌተር የጥሩ ትራንዚስተርን ድካም ገደል ይከተዋል። የባያስ ሬዚስተሮቹ ካርቦን ከሆኑ በሜታል ፊልም ቀይሯቸው፤ ካርቦን ዲሲ ሲያልፍበት የራሱን ፍሊከር ይጨምራል።

በ1998 ሃጂሚሪና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ። የሞገዱ ቅርጽ ራሱ ወሳኝ ነው። መውጫውና መውረጃው ተመጣጣኝ ከሆነ፣ በአንዱ ግማሽ ዙር ኖይዙ የገፋውን በሌላው ግማሽ ይመልሰዋል። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ወደ ፌዝ የሚሸጋገርበት በር ይጠባል። ዛሬ ቺፕ ውስጥ ኦሲሌተር የሚሠሩ ሰዎች ለሲሜትሪ የሚሞቱት ለዚህ ነው።

አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሙቀት ኖይዝ ከሆነ ካሪየሩን አጠንክሮ ማሸነፍ ይቻላል። የፍሊከር ፌዝ ኖይዝ ግን ከካሪየሩ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ኃይል በመጨመር አይሸነፍም። የሚያሸንፈው መከፋፈል ነው። ሲግናሉን ለ4 ተመሳሳይ አምፕሊፋየሮች አካፍላችሁ መልሳችሁ ብትደምሩት 6 ዲቢ ታተርፋላችሁ። የእያንዳንዱ ብልጭ ድርግም ከሌላው ጋር ስለማይገጥም ነው። በተከታታይ ብትደረድሯቸው ግን ፍሊከራቸው ይደመራል።

የባሰበት ኖይዙን ለክቶ መልሶ ያጠፋዋል። በ1990ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ በሳፋየር ሬዞኔተር የሚሠሩ ሰዎች ያደረጉት ይህንን ነው። ካሪየሩን በራሱ ግልባጭ ያጠፉታል። የቀረችውን ኖይዝ ብቻ ያጎሉና ኦሲሌተሩን በእሷ ያርሙታል። ካሪየሩ ስለሌለ የሚያጎላው አምፕሊፋየር የራሱን ፍሊከር የሚጭንበት ነገር አያገኝም። እኔ ከዚህ የበለጠ ያማረ ሐሳብ በዚህ ሙያ ውስጥ አላየሁም።

ስለ መለካት ባጭሩ። ትራንዚስተሩን በባትሪ አንቀሳቅሱት። በብረት ሳጥን ክደኑት። አለዚያ የምትለኩት የመብራት ኃይሉን የ50 ኸርዝ መስመርና ልጆቹን ነው። ከአየር ንፋስም ጋርዱት፤ የሙቀት ለውጥ ራሱን ዋን ኦቨር ኤፍ አስመስሎ ይመጣል። በሁለት ቻናል ለክታችሁ ክሮስ ኮሪሌሽን ብትሠሩ፣ ማለትም በሁለቱም የሚታየውን ብቻ ብታስቀሩ፣ የመለኪያው የራሱ ኖይዝ እየሳሳ ይሄዳል። በ100 አማካይ 10 ዲቢ ታገኛላችሁ፤ በ10,000 ደግሞ 20 ዲቢ። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። 0.1 ኸርዝን ለማየት አንዱ ዙር ብቻ 10 ሰከንድ ነው። መቶ አማካይ ማለት ከሩብ ሰዓት በላይ ቁጭ ማለት ነው። ቁጭ በሉ። ኩርባው ላይ ትከሻ ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። የአንድ ወጥመድ አድራሻ ነው። ትራንዚስተሩን እያሞቃችሁ ትከሻው ወዴት እንደሚሄድ ብትከታተሉ የወጥመዱን ኤነርጂ ታገኛላችሁ። ፋብሪካው የቱ ጋ እንደሳተ የሚነግረው ራሱ ኖይዙ ነው።

ኖይዙን መቀነስ ሳይቻል ሲቀርስ? ያኔ ይሸሻል። ዲኪ በ1946 የራዲዮሜትሩን (ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር የሚለካውን መሣሪያ) ጌይን መዋዠቅ ያመለጠው ተቀባዩን በአንቴናውና በታወቀ የሙቀት ምንጭ መካከል በፍጥነት እያቀያየረ ነው። በ2009 ወደ ጠፈር የተላከው ፕላንክ የተባለው ሳተላይት የዚሁ ዘመድ የሆነ ዘዴ ነበረው። በ30፣ በ44 እና በ70 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ሄምት አምፕሊፋየሮች እስከ 20 ኬልቪን ቀዝቅዘዋል። ቅዝቃዜ የሙቀት ኖይዙን ያወርዳል፤ ፍሊከሩን ግን አያጠፋም። ስለዚህ ሰማዩን በ4 ኬልቪን ካለ ማነጻጸሪያ ጋር ሳያቋርጡ ያወዳድሩት ነበር። ሁለቱም በአንድ አምፕሊፋየር ስለሚያልፉ የጋራው መዋዠቅ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ወደ ፍርስራሹ ልመለስ። እዚያ የኦሲሌተሩ ፌዝ ኖይዝ ብዙም አያስፈራም። ሰውየው ቅርብ ስለሆነ ሄዶ የመጣው ሞገድና ሚክሰሩ ላይ የሚጠብቀው ሞገድ የሚወዛወዙት አብረው ነው፤ ውዝዋዜው ይቀናነሳል። የሚያስፈራው ከሚክሰሩ ጀምሮ ያለው ፍሊከር ነው። ዲሲ የማያልፍበት ፓሲቭ ሚክሰር አንድ እርምጃ ነው። ሁለተኛው ሲግናሉን በቀጥታ ወደ ዜሮ አለማውረድ ነው። የሚክሰሩን ኦሲሌተር ከሚላከው ሞገድ በ100 ኪሎኸርዝ ለዩት። ትንፋሹ ከ100 ኪሎኸርዝ አጠገብ ይቀመጣል። ኖይዙ ንጹህ ዋን ኦቨር ኤፍ ከሆነ እዚያ ከ0.25 ኸርዝ በ400,000 እጥፍ ያንሳል፤ 56 ዲቢ ነው። ወደ ዲጂታል ከተቀየረ በኋላ የቀረውን ወደ ዜሮ የማውረድ ሥራ ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። ሶፍትዌር ውስጥ ደግሞ ወጥመድ የለም። ያኔ ስክሪኑ ላይ በ4 ሰከንድ አንዴ ከፍ ዝቅ የምትል መስመር ትታያለች።